«እሳት አለው» ብዬ ነበር

የአጎቴ ጀልባ ከዘጌ ስትመለስ ውኃ ላይ የቆመች ዕለት እኔ ጀልባዋ ላይ አልነበርኩም። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ መስክ እያስረዳሁ ነበር። ማንም አልተጎዳም፣ ጀልባዋም አልሰጠመችም፤ ወሬውም ወደቡ አካባቢ ከሁለት ቀን በላይ አልቆየም። እኔ ጋ ግን እስከ ዛሬ አለ። የዚያን ዕለት ጠዋት የሞተሩን ካንዴላዎች፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን፣ ፈትቼ፣ አይቼ፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ «እሳት አለው፤ ደህና ነው፣ ይሂዱበት» ያልኩት እኔ ነኝና።

አጎቴ ጀልባ ነጂ ናቸው፤ እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ቤተሰብ ውስጥ «የተማረው» የሚባል ሰው ካለ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ ቴሌቪዥን ሲበላሽም፣ ቆጣሪ ሲቃጠልም፣ ስልክ ሲዘጋም የሚጠራው እሱ ነው። እምቢ ማለት አልለመደብኝም። እውነቱን ለመናገር መጠራቱንም እወደዋለሁ።

ሞተሩ ከጀልባዋ ኋላ የሚንጠለጠል፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚጠጣ አሮጌ ሞተር ነው። ሕመሙ እንዲህ ነበር። በአንድ ሳብ ይነሳል፤ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይጨመርለት በቀስታ ሲዞር፣ ምንም አይጎድለውም። ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይንተፋተፋል፣ ይታፈናል፣ የጀልባዋ አፍንጫም ከውኃው አይነሳም። ሰው ሲበዛባት ደግሞ ይብስበታል።

እኔም ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ካንዴላውን ፈትቼ በኬብሉ ጫፍ ያለው ኮፍያ ውስጥ መልሼ ሰካሁት፤ ብረቱን መካኒኮች ማሳ ከሚሉት ከሞተሩ አካል ጋር አስነካሁና «ጋሼ፣ ይሳቡት» አልኩ። ጥቅ! ሰማያዊ ብልጭታ። የታችኛውንም እንዲሁ አደረግሁ። ጥቅ! ሁለቱም እሳት አላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ፣ ቤንዚኑ ውስጥ፣ የነዳጅ ፓምፑ ላስቲክ ላይ ስፈልግ ከረምሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ እኔም «እሳት አለው» የሚለውን ቃል ይዤ አልለቅ አልኩ። በመጨረሻ ካርቡራተሩን ለሦስተኛ ጊዜ አጥቤ ባዶዋን ጀልባ ይዘን ዳር ዳሩን ስንዞር ጥሩ ሄደች። ለማረጋገጥ ብዬ ካንዴላዎቹን በድጋሚ አየሁ። ጥቅ፣ ጥቅ። ይሂዱበት አልኩ።

«ማን ነው ደህና ነው ያለው?»

ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከጀልባዋ ረዳት ነው፤ ያውም ከሳምንት በኋላ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ጣና ከቀትር በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት መስታወት መስሎ የዋለው ውኃ ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። አጎቴ ማዕበሉን ሊቀድሙ ነዳጅ ሰጡ። ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ዝም አለ። ገመዱን ሲስቡት ይነሳል፤ ሲሰጡት ይጠፋል። በሚኒሞ እየተንፏቀቁ እንዳይሄዱ ነፋሱ ከሞተሩ በለጠ። እየገፋ እየገፋ ደንገሉ ውስጥ ከተታቸው፤ ሌላ ጀልባ መጥታ በገመድ እስክትጎትታቸው ድረስ እዚያው ቆዩ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ጠቅልለው ተቀምጠው ኖሮ፣ ድንጋጤው በረድ ሲል «ለመሆኑ ይህን ሞተር ደህና ነው ያለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ረዳቱ ዞር ብሎ አጎቴን አያቸው። አጎቴ ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሱ «እኔ ነኝ እማማ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

ለእኔ ግን ቃል አልተነፈሱም። ማታ ቤት መጥተው ቡና ጠጥተው ሄዱ። «ሞተሩስ?» ብላቸው «ትንሽ አስቸግሮን ነበር» አሉኝ፤ ይኸው ነው። ረዳቱ ባያወራልኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ቢጫ ጀሪካንና ሁለት ሚስማር

ከሁለት ዓመት በፊት ከክፍሌ ትምህርት ያቋረጠ አንድ ልጅ አለ፤ አሁን ባጃጅ ይጠግናል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እስከ ዛሬ «ቲቸር» ብሎ ቆሞ ነው የሚያናግረኝ። ወደ እሱ መሄዱ ቀላል አልነበረም። ትምህርቱን ሲያቆም «ተው፣ ትቆጫለህ» ብዬ የመከርኩት ልጅ ነው።

የሆነውን ነገርኩት። እየሰማኝ ባጃጁን መፍታቱን ቀጠለ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«እሳቱን ያዩት ማሳ አስነክተው ነው?»

«አዎ።»

«እሱማ ያታልላል ቲቸር። ክፍት አየር ላይ የሞተ ቦቢናም ብልጭ ይላል።» ቦቢና ማለት ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥረው ጥቅልል ሽቦ ነው።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር መጣ። መጀመሪያ ከወደቡ አንድ የጣውላ ቁራጭ አንስቶ ሁለት ሚስማር ትይዩ መታበት፤ ጫፍና ጫፋቸው እንዲተያይ አድርጎ። ገመዱን ስንስብ እሳቱ በአየር መዝለሉን ትቶ በእንጨቱ ላይ እንደ ጉንዳን መስመር እየተጠማዘዘ ሄደ። ጣውላው ሐይቅ ዳር የሰነበተ ነው፤ እርጥበት ጠጥቷል። ልጁ ሳቀና ወረወረው። ከዚያ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ላይ የመዳፍ ያህል ቆረጠ። ሚስማሮቹን በክብሪት አግሎ ላስቲኩን በሳበት፤ አንዱን አጥብቆ ተከለው፣ ሌላው ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲንሸራተት ተወው። ከማይንቀሳቀሰው ሚስማር ሽቦ አውጥቶ ማሳ ላይ አሰረ። ተንሸራታቹን ደግሞ ከተሰበረ ካንዴላ በተረፈ ራስ አማካይነት ከካንዴላው ኮፍያ ጋር አገናኘ። ከኪሱ የልጆች ማስመሪያ አወጣና ሚስማሮቹ ሥር በእስክሪብቶ ሚሊ በሚሊ ምልክት አደረገ።

ገመዱን ከማስሳቡ በፊት ያደረጋቸውን ነገሮች ሳይ አፈርኩ። የነዳጅ ቱቦውን ነቀለ፣ ታንኩን ራቅ አድርጎ አስቀመጠ። ካንዴላዎቹን ወደ ቦታቸው መልሶ አጠበቀ፤ ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ሲሳብ የቤንዚን ጭጋግ ይተፋልና። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክፍት ቀዳዳ አጠገብ ብልጭታ ስጫወት ነው የከረምሁት። የማይፈተነውን ሲሊንደር ኬብልም ማሳ ላይ አሰረው። መውጫ ያጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ በቦቢናው ወይም ቦቢናውን በሚመግበው የኤሌክትሮኒክ ዕቃ፣ በሲዲአዩ፣ ሆድ ውስጥ መውጫ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚበላሸው ሌላ ዕቃ ነው።

ከላይኛው ሲሊንደር ጀመርን። 3 ሚሊ ላይ ጧ! 5 ላይ ጧ! ሚስማሩን እየሳበ ወሰደው፤ 8፣ 10፣ 11። ድምፁ እየወፈረ፣ ቀለሙ እየነጣ ሄደ። በቀን ብርሃን በግልጽ ይታያል፤ ሲዘል ጆሮ ውስጥ ይገባል። «ይሄ ጤነኛ ነው» አለ።

ኮፍያውን ወደ ታችኛው አዞረው። 3 ላይ ጥቅ። ያው የማውቀው ድምፅ ነው፤ «እሳት አለው» ያስባለኝ። 4 ላይ ቀጭን ሐምራዊ ክር የምትመስል ነገር ብልጭ አለች፤ በሁለተኛው ሳብ ግን አልመጣችም። 5 ላይ አደረገው። አጎቴ ሳቡ። ምንም የለም። ደግመው ሳቡ። የሚሰማው የገመዱ ፍትግታና ውኃው ጀልባዋን ሲመታ ብቻ ነበር። ልጁ ምንም ሳይል ሚስማሩን ወደ 3 መለሰው፤ ጥቅ አለ። ወደ 5 ወሰደው፤ ዝም አለ። እንደገና ወደ 3። ሦስት ጊዜ ያህል ወሰደው፣ መለሰው። እየደጋገመ ያለው ለእኔ እንጂ ለራሱ አልነበረም፤ እሱማ አንዴ አይቶ ገብቶታል።

ያቺን የ2 ሚሊ ልዩነት ስንት ቀን እንዳሰብኳት አልነግራችሁም። ካንዴላው ላይ ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ብቻ ነው። 3 ሚሊ መዝለል የሚችል እሳት እንዴት 1 ሚሊ ያቅተዋል? መልሱን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜም ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ፍሪድሪክ ፓሸን የተባለው ጀርመናዊ በ1889 እንዳሳየው አንድን ክፍተት ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በርቀቱ ብቻ አይወሰንም፤ በርቀቱና በአየሩ ግፊት ብዜት እንጂ። ሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተኑ አየሩን ስድስት እጥፍ ገደማ ጨምቆታል። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ያለች 1 ሚሊ ውጭ ካለች 6 ሚሊ ጋር ትተካከላለች። የሚስማር ጫፍ ሹል ስለሆነ ደግሞ እሳት ከካንዴላ ይልቅ በቀላሉ ይዘልበታል፤ በሚስማር ላይ 5 ያቃተው ቦቢና እውነተኛ አቅሙ ከዚያም ያነሰ ነው።

ሚኒሞ ላይ ለምን ደህና እንደሚሠራም ያኔ ገባኝ። ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ጥቂት ነው፤ ጥቂት አየር ቢጨመቅም ሳሳ ያለ ነው፤ ደካማው እሳት ይወጣዋል። ነዳጅ ሲሰጠው ሲሊንደሩ ይሞላል፣ አየሩ ይወፍራል፣ እሳቱ ይሸነፋል። ባዶዋ ጀልባ ዳር ዳሩን ስትዞር ያላየነውን ጥፋት ሰው የሞላባት ጀልባ ነፋስ ላይ አየችው። እኔ የፈተንኩት ክፍት አየር ላይ፣ ሸክም በሌለበት፣ ፀሐይ ላይ አቁሜ ነው።

ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ያ የጀሪካን ቁራጭ ስንት ሺህ ቮልት እንደዘለለ አይነግርም። ሚስማሮቹን በሞረድ ብትሞርዷቸው ውጤቱ ይለወጣል፣ ዝናብ ዝናብ ካለም ይለወጣል። ግን አላስፈለገንም። መለኪያው የላይኛው ሲሊንደር ነበር። በአንድ ሞተር፣ በአንድ እጅ አሳሳብ፣ በአንድ ቀን አየር፣ አንዱ 11 ሲዘል ወንድሙ 5 አቃተው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ለባሕር ዳር የተጻፈ፣ ለባሕር ዳር ያልተጻፈ

ማታ ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ የአሮጌ ጀልባ ሞተሮች የጥገና መጽሐፍ ሳገላብጥ እሱም እሳቱ 11 ሚሊ ገደማ መዝለል አለበት ይላል። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ተጠራጠርኩ። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳር ነው፤ ለእኛዋ ባሕር ዳር ግን አይደለም። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በባሕር ጠረፍ ያለው አየር አምስት እጅ ነው ብንል እኛ ጋ አንዱ እጅ የለም። በሳሳ አየር እሳት በቀላሉ ይዘላል፤ እንደ መጽሐፉ ለመፈተን ሚስማሮቹን ወደ 13 ወይም 14 ሚሊ ማራቅ ነበረብን። ታዲያ የላይኛውም ቦቢና ያታለለን ይሆን?

እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን ነው፤ ግን ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። በመጨረሻ የገባኝ ነገር ቀላል ነው። ሲሊንደሩም የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው። ሚስማሮቹም ሲሊንደሩም አብረው ደጋ ወጥተዋል፤ የአንድና የስድስቱ ዝምድና እዚህም እዚያም ያው ነው። ሞተሩ ጣና ላይ እስከሠራ ድረስ 11 ይበቃዋል። አንድ ሰው ወስዶ ጅቡቲ ወደብ ላይ ልሥራበት ካለ ግን ያኔ እንደገና ይፈትነው። ይህን ለልጁ ሳስረዳው አንገቱን ነቀነቀና «ጅቡቲ ማን ይወስደዋል ቲቸር» አለኝ።

የቬንትሌተሩ ካፓሲተር

ቦቢናዎቹን አቀያየርናቸው፤ የታችኛውን ላይ፣ የላይኛውን ታች። ሕመሙ አብሮ ወደ ላይ ወጣ። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ በሽተኛው ቦቢናው ነው። እኔ ግን መቆም አልቻልኩም። ከመምህሩ ደቀ መዝሙሩ ሲሆን መምህሩ ላይ አንድ ዓይነት ቅናት ይነሳል፤ እኔም በእጄ አንድ ነገር መሥራት አማረኝ።

ቦቢናውን የሚመግበው ሲዲአይ የሚልከው ቮልቴጅ በሺህኛ ሰከንድ የሚለካ ምት ነው፤ ተራ መልቲሜትር አያየውም፣ ቁጥሩ ይደናበርበታል። ምቱን ይዞ የሚያቆይ ነገር ያስፈልጋል። ከተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሆድ ውስጥ አንድ ዳዮድ ነቀልኩ፤ እስከ 1,000 ቮልት የሚችል ነው። ከቆመ ቬንትሌተር ካፓሲተሩን ወሰድኩ። ዳዮዱ ምቱን ያስገባል፣ እንዳይመለስ ይዘጋበታል፤ ካፓሲተሩ ያጠራቅማል፤ መልቲሜትሩ በእርጋታ ያነባል። ለሁለቱም ሲሊንደሮች ብለካ ከአራት አምስት ሳብ በኋላ 170 አካባቢ ላይ ቆመ። ሲዲአዩ ንጹሕ ነው። ጎበዝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩና ሽቦውን ላላቅቅ ስል ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን በሙሉ በጣቶቼ ላይ ለቀቀው። ልጁ «ማፍሰሻ ሬዚስተር አላደረጉበትም እንዴ?» አለኝ። ያን የሚያህል ነገር ክፍል ውስጥ ማስጠንቀቂያ ብዬ በቀይ ጠመኔ እጽፈዋለሁ።

አዲሱ ቦቢና ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ልጁ ከተጣለ ሞተር ሳይክል የነቀለውን አሰረበት። መልኩ አያምርም፤ ግን 10 ሚሊ ይዘላል።

ሬዲዮው

አጎቴ ጀልባዋ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ይይዛሉ። ሞተሩ ሲነሳ በመካከለኛ ሞገድ የያዙት ጣቢያ ውስጥ ጠጠጠጠ የሚል ድምፅ ይገባል። ልጅ ሆኜ አብሬያቸው ስሄድ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው።

የሞተር ሳይክሉን ቦቢና ያሰርንበት ቀን ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ሰጡት። ተፈታ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አደረገች፤ እኔና ልጁ እየጮህን ተቃቀፍን። አጎቴ ግን ወደ ሞተሩ አልዞሩም። ሬዲዮዋን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ፈገግ አሉ።

«አሁን ገና መበጥበጥ ጀመረ» አሉ።

ቀዝቃዛ ውኃ የፈሰሰብኝ ያህል ነበር። ሁሉም ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ካርቡራተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈታ፣ አጠገቤ ተቀምጠው ያሉኝ ትዝ አለኝ፦ «ይህ ሞተር ከታመመ ወዲህ ሬዲዮዬ ጠርቶ ይሰማል።» የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ «ሞተሩ ሲታመም ሬዲዮው ዳነ ማለት ነው?» ብዬ ስቄ ነበር። እሳቸውም ሳቁና ተዉት።

ብልጭታ ሬዲዮ ማሰራጫ ነው። ኸርትዝ በ1887 የሬዲዮን ሞገድ ያሳየው በሁለት የብረት ኳሶች መካከል እሳት እያዘለለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ ማሰራጫዎችም የሚሠሩት በዚሁ ነበር። ሁለቱም ካንዴላዎች ነዳጅ ተሰጥቷቸው ሲዘሉ የአጎቴ ሬዲዮ ሁለቱንም ይሰማቸዋል። አንዱ መዝለል ሲያቅተው ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ጣቢያው ይጠራል። ያውም ሸክም ላይ፣ ሲሊንደሩ ተዘግቶ፣ ጀልባዋ እየሄደች፤ የእኔ «ጥቅ» ሊደርስበት በማይችል ቦታ። መፈተሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ውጤቱንም በቃላቸው ነግረውኛል።

ልጁ ከሄደ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን። የጀሪካኗን ቁራጭ መቀመጫው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ እያስቀመጥኩ ድፍረት ሰብስቤ «ጋሼ፣ ለዚያች እናት ጥፋቱ የኔ ነው ያሏቸው ለምንድን ነው?» አልኳቸው። ማን እንደነገረኝ አልጠየቁኝም።

«ሞተሩ የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ።»

«እንግዲያ።»

ሬዲዮዋን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ገመዱን ሳቡ።